የተቀቡ ስኒዎች

የኬክ ካርቶኑ ከባድ ነበር።

ብሩክታይት ከሥሩ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ሁለተኛ ፎቅ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የምድር ባቡሩ መስመር ለጥገና ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ምትክ አውቶቡስ ይጠብቃል። ለእሷ ጥሩ ነው። ሰው በበዛበት ማንም ማንንም አያይም።

ግራጫ ጃኬት የለበሰውን ሰውዬ ግን ሁለት ጊዜ አይታዋለች። አንዴ ፋርማሲው በር ላይ። አንዴ አሁን፣ ደረጃው ላይ።

አልዞረችም።

ካርቶኑ ውስጥ ኬክ የለም። ያለው ኢንሱሌተር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሐዲድ ከመሬት ለይቶ የሚሸከም የሸክላ ማገጃ። ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ቀለሙ ሲፋቅ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው። ጥገናውን የያዘው ቴልሃም የሚባል ኮንትራክተር፣ አዲሶቹ በጊዜ አልደርስ ሲሉት አሮጌዎቹን አጥቦና ቀለም ቀብቶ እዚያው ዋሻ ውስጥ መልሶ ተክሏቸዋል። የዋሻው ጣሪያ ያንጠባጥባል። ውሃ የተሰነጠቀ ሸክላ ካገኘ ብልጭታ ይነሳል፣ ከብልጭታው ጭስ። ከመሬት በታች ጭስ መውጫ የለውም።

መስመሩ ሰኞ ማለዳ ይከፈታል።

አምስት ወር ሙሉ በቴልሃም ግቢ «ሜሮን» ነበረች፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ። ለላካት የምርመራ ቢሮ ደግሞ «ጤዛ» ናት።

አለቃዋ ንጋቱ በሰልፉ መሀል መጣ። የምስጢር ስሙ «አናጢ» ነው። ሰማያዊ ጃንጥላ በግራ እጁ ይዟል። ግራ ማለት ሰላም ነው።

«የማን ልደት ነው?»

«የአክስቴ። ስኳር ግን ተከልክላለች።»

ካርቶኑን ተቀበላት።

«ከኋላዬ ሰው አለ» አለች፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ።

«የኛ ነው። ሥራሽ አለቀ። ግቢው እንዳትመለሺ፤ ስልኩንም ጣዪው።»

«ምንጬስ?»

«ኪዳኔን ለኔ ተዪው።»

ደረጃውን ወረደ። እሷም ወደ ሌላው በር ሄደች። ሦስት እርምጃ ተራምዳ ቆመች።

ኪዳኔ።

ስሙን ነግራው አታውቅም።

በጻፈችው ሪፖርት ሁሉ ሰውየው «ሸማኔ» ነው። ንጋቱ ስሙን ከእሷ ካልሰማ፣ ሊሰማ የሚችለው ከቴልሃም ብቻ ነው። በፎቁ አጥር ላይ አጎንብሳ ወደ መንገዱ አየች። ግራጫ ጃኬቱ ለንጋቱ የመኪና በር ከፈተለት። በሩ ላይ የቴልሃም ምልክት አለ።

ማስረጃዋን በገዛ እጇ አስረክባለች።

ለኪዳኔ ደወለች። አያነሳም። እንደገና ደወለች። አያነሳም። መኪናዋን አስነስታ ወደ አሌክሳንድሪያ በረረች።

ኪዳኔ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አገር ቤት መብራት ኃይል ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው፤ ኢንሱሌተሩን ዛሬም እንደዚያው «ስኒ» ይለዋል። እዚህ ደግሞ ሐዲዱ ላይ የሚተክለው እሱ ነው። «እንቢ ብል ሌላ ሰው ያስተክሉታል» ብሏት ነበር አንድ ቀን። ባለፈው ሐሙስ አንዱን ነቅሎ ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠላት። «ልጄ፣ አንቺ ሰው ታውቂያለሽ። ለሚሰማ አድርሺልኝ።» ማን እንደሆነች አያውቅም። ደግ ጸሐፊ መስላዋለች።

የቴልሃም ግቢ እዚያ፣ ከአንድ የአፓርታማ ሰፈር ጀርባ ነው። በቢሮው መስኮት አየችው። ኪዳኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ወረቀት፣ እጁ ላይ እስክሪብቶ። ሥራ አስኪያጁ ብራንት አጠገቡ ቆሟል።

በሩ ጥግ ሰማያዊ ጃንጥላ ተደግፏል።

ቀድሟታል። ንጋቱ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ አታውቅም። የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም። እየጮኸች ገባች።

«ጋሽ ኪዳኔ! ሮሆቦትን መኪና ገጭቷታል! ሆስፒታል ወስደዋታል፣ አሁን ኮል አደረጉልኝ!»

እስክሪብቶው ወደቀ። የኪዳኔ ፊት አመድ መሰለ። አንድ ልጅ ናት ያለችው።

«መጀመሪያ ይፈርም» አለ ብራንት በእንግሊዝኛ።

«ልጁ ናት!» አለችው። «ልጁ ናት እኮ!»

ኪዳኔ ግን ብራንትን አልሰማውም። ወንበሩን ገፍትሮ ተነስቶ ነበር። ክንዱን ይዛ በመተላለፊያው አስሮጠችው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከጎናቸው ተከፈተ።

ንጋቱ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አልጮኸም፣ አልያዛትም። ስልኩን ብቻ አወጣ።

ከግቢው ሲወጡ የግራጫ ጃኬቱ መኪና ተከተላቸው። ብሩክታይት ቀይ መብራት ጥሳ ወደ አፓርታማዎቹ ታጠፈች። ፓርኪንጉ በታክሲ ተሞልቷል። በሁለት ታክሲዎች መሀል ገብታ ሞተሯን አጠፋች።

መኪናው በዝግታ መጣ። ቆመ።

ኪዳኔ ሊናገር ሲል አፉን በእጇ ያዘችው።

መኪናው ሄደ።

«ምን ቆመሻል? ልጄ ጋ ውሰጂኝ እንጂ!»

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ሮሆቦት ደህና ናት።»

አላመናትም። ራሱ ደወለ። የልጅቷ ድምፅ መኪናው ውስጥ ተሰማ። «ዳድ? ወርክ ላይ ነኝ። ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም» አለ። «ምንም፣ የኔ ቆንጆ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘጋ።

ሁሉንም ነገረችው። ቢሮውን፣ ንጋቱን፣ ሜሮን የምትባል ሰው አለመኖሯን። እሱ በመስታወቱ ውጭ ውጭውን ያያል።

«በሌላ ማለት አትችይም ነበር?»

«ሌላ ምንም ነገር እንደማያስነሳዎት አውቄ ነው።»

«አዎ» አለ። «ያንን ማወቅሽ ነው የከፋው።»

«ወረቀቱን ፈርመዋል?» አለችው።

«ስሜን ጀምሬ ነበር። አሮጌውን ስኒ በራሱ ፈቃድ የተከለው ኪዳኔ ነው ይላል።»

«ዕቃውን ወስደውብኛል፤ የቀረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከተናገሩ ግን የሥራ ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል። በእጅዎ ተክለውታልና።» ይህን ስትል አልዋሸችም። ሌላ ውሸት መጨመር አልቻለችም።

ኪዳኔ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሮሆቦት ሰኞ በዚያ ባቡር ነው ሥራ የምትገባው። ምኑን ታስረጂኛለሽ? ሂጂ፣ ንጂ።»

መስመሩን ማገድ የምትችል አንድ ሰው ነበረች፤ የባቡሩ የደህንነት መሐንዲስ ቲና። ንጋቱ አምስት ወር ሙሉ «ለእሷ ጊዜው አይደለም» ሲል የከረመው ለምን እንደሆነ ብሩክታይት አሁን ገባት። ሕጉን ጥሳ በቀጥታ ደወለችላት፤ እውነተኛ ስሟንም ነገረቻት። ያን ያደረገ ሰላይ ወደ ሥራው አይመለስም።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱም ዋሻው ውስጥ ነበሩ። ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል። ውሃው ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቲና ባትሪዋን በተደረደሩት ኢንሱሌተሮች ላይ አበራች። ሁሉም ነጭ ናቸው። ሁሉም አዲስ።

«ምንም አይታየኝም» አለች።

ኪዳኔ ተንበረከከ። በትንሽ መዶሻ አንዱን መታው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ቀጣዩን መታው።

ድምፁ ሞተ።

«ይኼ ተሰንጥቋል። ከሥሩ እይው።»

ቲና ጎንበስ አለች። ከግርጌው፣ ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ፣ በሚስማር የተጫረች ምልክት አለች።

«ጭረት ነው?»

«ፊደል ነው። ሀ። አሮጌ ስትከል ሁሉ ጽፌበታለሁ። እነሱ አያነቡትም።»

ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ስኒዎች አሥራ ሦስቱ ሀ ነበረባቸው። ቲና ከዚያ በላይ አልቆጠረችም። ሬዲዮዋን አነሳች።

«መስመሩ ሰኞ አይከፈትም።»

ኪዳኔ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ። ከተንበረከከበት ለመነሳት ሲቸገር ብሩክታይት እጇን ዘረጋችለት። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

ማክሰኞ ንጋቱን ከቢሮው አስወጡት። ከጡረታ በኋላ የጥበቃ ኃላፊ ሊያደርጉት ቴልሃሞች የጻፉለት ደብዳቤ መሳቢያው ውስጥ ተገኘ። ብራንት ጠበቃ ያዘ። የኪዳኔ ፈቃድ ታገደ፤ ስሙም ጋዜጣ ላይ ወጣ። የእሷ ስም የትም አልወጣም። ቢሮው በኢሜይል አመስግኖ አሰናበታት።

ረቡዕ የኪዳኔን በር አንኳኳች። ሮሆቦት ከፈተች፤ ሰንሰለቱን ግን አላወለቀችም።

«ሊያይሽ አይፈልግም። ሶሪ።» በሩን ልትዘጋ ስትል ቆየት አለች። «እኔ ግን… ታንክ ዩ።»

ሐሙስ በምትክ አውቶቡሱ ተሳፈረች። ዝናብ ነበር። ተሳፋሪው በመዘግየቱ ይራገማል። አጠገቧ የተቀመጡት እናት አገላብጠው አዩአት።

«ሐበሻ ነሽ አይደል? ሰኞ ይከፈታል ብለውን ነበር እኮ፣ ውሸታሞች! አንድ ምቀኛ ነው ያስቆመው አሉ።»

«ይሆናል፣ እማማ።»

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

ቶሎ አልመጣላትም። «አበባ» አለች።

«ሥራሽስ?»

«እየፈለግኩ ነው።»

ሴትየዋ መረቋት። ብሩክታይት ቀጣዩ ማቆሚያ ላይ ወርዳ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለች። ከኋላዋ አንድ ሰው በአውቶቡሱ መስኮት «አበባ! አበባ! ሻርፕሽን!» እያለ ይጣራ ነበር። ራሷን ዝቅ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

እሷን እየጠሩ መሆናቸው ትዝ ያላት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው።