እሹሩሩው የሚቆረጥበት ቦታ

ያላመነ ይተወው... እኔ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ማቻኮስ ከተማ፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሙኤኒ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙምቡዋ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ያልለጠፍኩት የላትም። ትምህርት ቤቷን፣ የቤት ስሟን፣ የምትወደውን ምግብ... እንቅልፍ እምቢ ሲላት የምላትን እሹሩሩ ሳይቀር።

ያን ቀን ልወስዳት ስሄድ መምህርቷ ንዚላኒ በሩ ላይ አየችኝ።

ፈገግታዋ ጠፋ።

"ማማ ሙምቡዋ... ምነው፣ በሰላም?"

"ልጄን ልወስድ ነዋ!"

"አክስቷ ወሰደቻት እኮ። አንቺው ደውለሽ 'ስጫት' አላልሽኝም?"

"እኔ? መቼ?"

"ድምፅሽን አጣዋለሁ እንዴ? እንደ ልማድሽ ስትስቂ እኮ ነበር... ሴትዮዋም በቤት ስሟ ስትጠራት ሮጣ ሄደች።"

ልጄ አክስት የላትም።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩት...

ሙምቡዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትበላለች። በትንንሹ ተከትፎ፣ ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት። ልክ እንደምትወደው።

ጭምቅ አድርጌ አቀፍኳት።

"ማነው ያስገባሽ?"

በሚያጣብቅ እጇ አፌን ያዘችኝ።

"ቀስ... ትሰማናለች።"

"ማን?"

"ሴትዮዋ። ያንቺን እሹሩሩ ትችላለች። በአንቺ ድምፅ... ግን መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።"



የለጠፍኩት ቪዲዮ መሃል ላይ ነው የሚቆረጠው።

"አሁን የት ናት?"

በጣቷ ወደ መኝታ ቤቱ ጠቆመችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል...

አፈፍ አድርጌ አንስቻት ወጣሁ። ጫማዬ የት እንደወለቀ እንኳ አላውቅም። እየጮኽኩ መንገዱን ተሻገርኩ።

በኋላ ፖሊሶች ገብተው ፈተሹ። "ማንም የለም" አሉኝ። የለጠፍኩትን ሁሉ ያኔውኑ አጠፋሁ፤ ወደዚያ ቤትም አልተመለስንም።

ግን መንገዱን ተሻግሬ ዞር ስል ያየሁትን ለፖሊሶቹም አልነገርኳቸው።

የመኝታ ቤቴ መስኮት ላይ አንዲት ሴት ወደ ጎን ዞራ ቆማለች።

የልጄን ሹራብ ደረቷ ላይ አቅፋ... ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ ትወዘውዘዋለች።