የክንፉ ፒን ወጣ

ካፒቴን የሞተው በገዛ አውሮፕላኑ ክንፍ ስር በጀርባው ተንጋሎ፣ ለወራት አልወጣ ብላ ያንገበገበችውን የክንፉን ማያያዣ ፒን በቀኝ እጁ ጨብጦ ነው። ካፒቴን መባሉ የሰፈር ቀልድ ነው እንጂ ሰውዬው የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ አንድም ቀን ከመሬት ተነስቶ አያውቅም። ግን በእናቱ ግቢ፣ መኪና በማያድርበት ጋራዥ ውስጥ፣ አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ሰፈሩ ሲስቅበት አብሮ ይስቅና ተመልሶ ገብቶ ብረቱን ይሞርዳል። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ይከብዳል። ሆኖም ገዳይ አለው ተባለ፤ የተያዘውም የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው።

መርማሪዋ የተጠራችው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ይሄም አናደዳት። ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች ብትበጠስም አትለቅም ለማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ስሟን አታውቀውም፤ ወይም የማታውቅ ትመስላለች።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት አለቃዋ መኪና ውስጥ። «ሐኪሙ ታፍኖ ነው የሞተው አለ። ቁስል የለ፣ መርዝ የለ። ታናሽየው አመሻሹ ላይ ጥቅል ነገር በብብቱ ይዞ ከጋራዡ ሲወጣ ጎረቤት አይቶታል። ጥሎት ተመልሶ ነው እሪ ያለው። በያዘው ነገር አፍኖ ገደለው፤ በቃ።»

«ጥቅሉ ተገኘ?»

«የት አባቱ ይገኛል! የት ጣልከው ብንለው ድንጋይ ሆነ።»

«ታዲያ ካለቀለት እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«ዐቃቤ ሕጉ ምክንያቱን አምጡ አለና! ሰው ወንድሙን በባዶ ሜዳ አይገድልም።»

ጋራዡ ጠባብ ነው። የአውሮፕላኗ አካል መሀል ቆሟል። አንዱ ክንፍ ተገጥሟል፤ ሁለተኛው በእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድሟል፤ ከስሩ ካፒቴን የተኛበት ካርቶን አሁንም አለ። የክንፉ መያዣ አሉሚኒየም ነው፤ ፒኗ ደግሞ እንደ ቧንቧ ውስጧ ክፍት የሆነ ወፍራም ብረት። ልክ ለማየት ብሎ ያስገባት ጊዜ ነው ነክሳ የቀረችው። አሁን ቀዳዳው ባዶ ነው።

መርማሪዋ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ወደ ላይ አየች። ጣሪያው ስር፣ ከትንሿ የአየር ማስገቢያ አጠገብ የወፍ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ተንበርክካ ወደ ታች አየች። ከመሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ አይጥ ሞታለች። በረሮዎቹም በጀርባቸው ተገልብጠዋል።

«ወጥመድ ወይም መርዝ ተጠምዶ ነበር?»

«የለም» አለ አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ። «አይጥ ነው ወይ የምንመረምረው?»

እሷ ወደ አንድ ባልዲ ጎንበስ አለች። በባልዲው የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጨርቆች ተነክረዋል። አጠገቡ ክዳኑ የተነሳ ነጭ የፎም ሳጥን አለ፤ ባዶና ደረቅ ነው። የቆዳ ጓንቱ ጫፎቹ ተቀዳደዋል። ሐኪሙ የሟች ጣቶች ጫፍ ነጥቶ ውሃ እንደ ቋጠረ፣ እሳት እንደ ነካው ቆዳ መሆኑን ነግሯታል፤ ጋራዡ ውስጥ ግን እሳት የተለኮሰበት ምልክት የለም።

ከጣሳ ውስጥ አንዲት የኩሽኔታ ኳስ አንስታ ወለሉ ላይ አኖረቻት። ኳሷ ጥቂት አመነታችና ተንከባለለች፤ ሄዳ ሄዳ ከበሩ ሁለት የመዝጊያ ቅጠሎች በተዘጋው ስር ሾልካ ግቢው ውስጥ ወደቀች። ወለሉ መኪና የታጠበበት ውሃ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። ከዚያ ቅጠል ስርም አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ሌላው ቅጠል ግን ወለሉን ታክኮ ነው የሚዘጋው። እዚያ ጎንበስ ስትል፣ ከውጭ በኩል የእንጨቱ ስንጥር ላይ ቡናማ የሱፍ ክር ተጠልፎ አየች። ክሩን ኪሷ ከተተች።

የካፒቴን የቅርብ ጓደኛ የሰፈሩ ብረት በያጅ ነው። እንደ ቁም ሳጥን የገዘፈ ሰው ሆኖ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር የሚያወራው።

«ፒኗን እሳት ላሳያት ብዬ ስንት ቀን ለመንኩት! አሉሚኒየሙ በእሳት ይልፈሰፈሳል፣ ሰማይ ላይ ይከዳኛል አለኝ። እውነቱን ነው። ብረቷን ማውጣት ቀላል ነው እቴ፤ የያዛትን ሳይጎዱ ማውጣት ነው ጭንቁ።»

«ያለ እሳት ማውጣት ይቻላል?»

«ይቻላል። ብረቷን ብቻ ታቀዘቅዢያታለሽ፤ መያዣውን በሙቅ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ። እሷ ትኮማተራለች፣ እሱ ይሰፋል፣ ትለቃለች። ግን የቤት በረዶ አይበቃትም። ከባድ ቅዝቃዜ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ታናሽየው የት ነው የሚሠራው?»

«አይስክሬም ፋብሪካ፣ መኪና ይነ…» በያጁ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

ጎረቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ ጸጥታ» ይለዋል፤ ጸጥታ ፈላጊ ስለሆነ እንጂ ጸጥ ስለሚል አይደለም።

«መዶሻ ሌት ተቀን! ቋ ቋ ቋ! አቤት ብል ሰሚ የለኝ።»

«ወንድማማቾቹ ሲጣሉ ሰምተዋል አሉ፣ ጋሼ።»

«በዋዜማው። ትንሹ ‹ይቺ ብረት ትገድልሃለች፣ ተዋት!› እያለ ይጮህ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ያ ዝናብ ወረደ። አመሻሹ ላይ በመስኮት ባይ ቡናማ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ይሮጣል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን መዶሻም አልሰማሁ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። ተመስገን ነው ያልኩት፣ ይታይሽ!»

እናትየው ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ወደዚህ ቅረቢ። እግርሽ ረጥቧል።»

«እማማ፣ ያን ቀን ልጅዎን አይተውታል?»

«ሻይ ይዤለት ሄጄ ነበር። ‹አትክፈቺው እማዬ፣ አቧራ ይገባብኛል› አለኝ። ሲስል ሰማሁት። ደረቱ ከልጅነቱ ብርድ አይችልም። ሻዩን ደጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሳይጠጣው ቀረ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ትንሹንስ መቼ ነው የምትለቁልኝ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የእኔዎቹ ግን አንድ ናቸው። ይሄ ያንን አይገድልም። እናት ናትና ትላለች በይ፤ ግን አይገድልም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«እስር ቤቱ ይቀዘቅዛል አሉኝ። ያቺን ቡናማ ብርድ ልብሴን ልልክለት ብፈልጋት የለችም። ይሄን ሁሉ ሰው አምኜ ቤቴን ከፍቼ፣ ሰው እንዴት ከለቅሶ ቤት ብርድ ልብስ ይሰርቃል?»

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ መጨረሻ የት ነበር ያኖሯት? አንድ ሰው እንኳ ሳትጠይቅ አልፋ የማታውቀው ጉንዳን ግን አልጠየቀችም። ኪሷ ውስጥ ያለውን ክር በጣቷ እየነካካች ተነስታ ወጣች። 

ታናሽየው ከእስር ክፍሉ ወለል ላይ ቀና አላለም።

«ደረቅ በረዶውን ያመጣህለት አንተ ነህ» አለችው። «አይስክሬም የምታጓጉዙበትን፣ ሳይቀልጥ እየጨሰ የሚጠፋውን። የሚጠፋው ግን የትም ሄዶ አይደለም፤ የተቃጠለ አየር ይሆናል። ሰው ያፍናል። ክብደት ስላለውም መሬት ላይ ይተኛል።»

ታናሽየው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ወፎቹ ላይ ስለሆኑ ተረፉ። አይጧና ወንድምህ ታች ነበሩ።»

«ነግሬው ነበር!» አለ በድንገት። «በሩን ካልከፈትከው ይገድልሃል አልኩት። ‹ወለሉ ያዘነበለ ነው፣ አየሩ እንደ ውሃ በበሩ ስር ይፈስሳል› አለኝ። ልክ ነበር እኮ፣ እህቴ! ሞኝ አልነበረም፤ ልክ ነበር።»

«ክፍተቱ ባይደፈን ኖሮ።»

ያኔ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«በእናትሽ፣ እዚያ ላይ አቁሚ። እኔ ላይ ይፍረዱ። እችለዋለሁ።»

«በነፍስ ግድያ እኮ ነው! እናትህ ሁለት ልጅ ያጣሉ።»

«አንዱን ቀብራ፣ አንዱን እየጠየቀች ትኖራለች። ይሄን ካወቀች ግን አትኖርም።»

 ስንት ገዳይ አፋጥጣ ያናዘዘች ሴት፣ አንድ ያልገደለ ሰው ፊት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። የበያጁ ቃል ትዝ አላት፤ የያዛትን ሳይጎዱ ማውጣት ነው ጭንቁ። ከእስር ቤቱ ስትወጣ ለመዋሸት ወስና ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ አለቃው፣ በያጁ፣ ጋሽ ጸጥታ፣ ታናሽየውም ከነካቴናው። እናትየውን ከቤት እንዳታስወጧቸው ብላ አደራ ለጎረቤት ሴቶች ሰጥታለች። አንዱ የበሩ ቅጠል ተከፍቷል፣ አንዱ እንደ ተዘጋ ነው።

«ካፒቴንን ሰው አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ፒኗን ያለ እሳት ለማውጣት ደረቅ በረዶ አስመጣ። ሳጥኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ ያልተገኘው በረዶው ስለማይቀልጥ ነው። ፈጭቶ በፒኗ ቀዳዳ ጠቀጠቀው፤ ጓንቱ ተቀዶ ጣቶቹን ያቃጠለው እሱ ነው። መያዣውን በሙቅ ጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያ ፒኗ ስትወድቅ ሊቀልባት ከስር ተኛ። ሳጥኑ ክዳኑ እንደ ተነሳ ራስጌው ነበር። የተቃጠለ አየር ወለሉ ላይ ሞላ። ሳል ያዘው። ፒኗ ለቀቀች፤ ያዛት። መነሳት ግን አልቻለም።»

በያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አወጣት፤ እሰይ ብሎ ሳይጨርስ» አለ።

«ወለሉስ?» አለ አለቃዋ፤ ለካ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ኳሷን ልብ ብሏል። «አየሩ ከባድ ከሆነ በበሩ ስር አይወጣም ነበር?»

«ይወጣ ነበር።» ኳሷን ደግማ ለቀቀቻት፤ ሁሉም በዓይኑ ተከተላት። «ግን ያን ቀን ከባድ ዝናብ ነበር። ጎርፉ ጭራሮና ቅጠል አምጥቶ ክፍተቱን…»

«ጥቅሉስ? ሰውዬው ያየው ጥቅል ምንድን ነበር?»

«የሥራ ልብስ ይሆናል። በረዶውን ያመጣው ሳያስፈቅድ ስለሆነ ደንግጦ…»

«ቡናማ ነበር» አለ ጋሽ ጸጥታ። ለአንዴ እንኳ ዝም ቢል ምን ነበረበት!

ኳሷ ድምፅ ሳታሰማ ቆመች። ሁሉም ዞሩ። እናትየው ስለ አየሩ ሲወራ ደርሰው በተከፈተው ቅጠል በኩል ቆመዋል፤ ኳሷ ጫማቸው ጫፍ ላይ ናት። ልጅ መጥቷል ሲባል ማን ይያዛቸው!

«ቡናማዋ ብርድ ልብሴ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «አንተ ነህ እንዴ የወሰድካት? እኔ እኮ ለቀስተኛውን በከንቱ ስወነጅል ሰነበትኩ።»

«እማዬ፣ ወደ ቤት ግቢ» አለ ታናሽየው። «እባክሽ ግቢ።»

«እዚህ ነበረች እኮ።» በተዘጋው ቅጠል ስር በጣታቸው አሳዩ። «ሲስል ሰማሁትና በስር ብርድ ይገባበታል ብዬ፣ አጥፌ በደንብ ወተፍኳት። አትክፈቺው ብሎኛልና፣ በውጭ በኩል ነው የወተፍኩት። ደረቱ…»

 ከላይ ጫጩቶቹ ብቻ ይንጫጫሉ።

እናትየው የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ። በያጁ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ጸጥታ «ላያስችል አይሰጥም» ሊል አስቦ አፉ ላይ ቀረበት። ከዚያ እናትየው ኳሷን አዩ፤ የመጣችበትን ወለል በዓይናቸው እስከ ክንፉ ስር ተከተሉ፤ ተመልሰው ወደ በሩ መጡ።

«ታዲያ ያ ያላችሁት አየር» አሉ ቀስ ብለው፣ «በየት በኩል ነበር የሚወጣው?»

መርማሪዋ ኳሷን ከእናትየው ጫማ ጫፍ አነሳች። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ነበራት፤ ለዚህም ነበራት። 

«ጥፋት ነው እንዴ?» አሉ እናትየው። «ምነው ዝም አላችሁ?»

«ጥፋት አይደለም፣ እማዬ! እኔን ይድፋኝ፣ ጥፋት አይደለም!» ታናሽየው ሊያቅፋቸው ተወረወረ፤ የታሰረው እጁ ግን አልዘረጋ አለው። አለቃው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ካቴናውን ፈታ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። የሚከሰስ ሰው የለም። የሚታረም ነገርም የለም።

እናትየው የልጃቸውን እጅ ከትከሻቸው ቀስ አድርገው አነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው በተዘጋው ቅጠል አጠገብ ቁጭ አሉ፤ መዳፋቸውንም በበሩ ስር አሾለኩ።  ልጁ አጠገባቸው ተንበርክኮ ይጠብቃል።

«ይኸው እኮ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ማንንም ሳያዩ። «ይገባል። ብርድ ነው።»