ጤናአዳም በኤክስ

ወረቀቷ ከሲጋራ ፓኮ ሥር ሆና ጠረጴዛውን ተሻገረች።

ሳሪስ፣ ጁስ ቤት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። «አናጢ» ፓኮውን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ምስጋና የለ፣ ምን የለ። ሰላምታውም ቢሆን በልመና ነው።

«የኔትወርኩ ቁልፍ ነው?»

«አዎ። ሌላ ቦታ አልተጻፈም።»

«አምስት ሰዓት ላይ ከአጥሩ ውጪ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። አንቺ የኔትወርኩን በር ብቻ ክፈቺ። ገብቼ የምወስደው እኔ ነኝ።»

እሱ የቅርብ አለቃዋ ነው፤ እሷ በስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ምስማር» ናት። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ግን «ሚራክል፣ የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። ዘመኑ 2001 ነው። ቃሊቲ፣ በአቶ ወልደሚካኤል መጋዘን ውስጥ፣ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ሽሮፕ አዲስ ቀን እየተለጠፈበት ይወጣል። ይህን ሹክ ያሏት የመጋዘኑ ስቶር ኪፐር ጋሽ ኩምሳ ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሁለት የጭነት መኪና ሊወጣ ነው። መኪኖቹን ማስቆም ቀላል ነው። ከባዱ እስከ ዛሬ የወጣውን ማግኘት ነው፤ ሽሮፑ የደረሳቸው መድኃኒት ቤቶች ዝርዝር ያለው በባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። እሱ ካልተገኘ ልጆቹ መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገመድ አልባ ኔትወርክ ልትዘረጋ ገብታ፣ የአቶ ወልደሚካኤል ቢሮ ግድግዳ ላይ ራውተሩን ሰቀለች። ቁልፉን ራውተሩ ላይ ጻፈች። ከዚያ የአቶ ወልደሚካኤል ላፕቶፕ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታህል ዋየርለስ አዳፕተር ሰካች። ፕሮግራሙን ጫነች፣ ኢንክሪፕሽኑን አበራች፣ መንገዷን ስታበጅም የሰውየውን ፎልደር ለኔትወርኩ ክፍት አደረገችው። የቀረው ቁልፉን አዳፕተሩ ላይ መጻፍ ነበር።

አቶ ወልደሚካኤል ወንበሩን ስቦ መጣ። ማንኛውንም ነገር ራሱ ካልነካካው የተሠራ የማይመስለው ሰው ነው። እኔ ልጻፈው አለ።

«ቁልፉ ምንድነው?»

«ጤናአዳም፣ ዜሮ አንድ።»

ቃሉን ብቻ ነው የነገረችው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ልትነግረው ስትል ጣቱ ቀደማት። ታችኛው ረድፍ ላይ ወረደ። በስተግራ።

ኤክስ።

ምስማር ያደገችው ከአቃቂ በታች ባለ የገበሬ መንደር ነው። ትምህርት ቤት የተማረችው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው፤ በቁቤ «ጠ» የሚጻፈው በኤክስ ነው። በአማርኛ የተማረ የከተማ ሰው ጤናአዳምን በላቲን ጻፍ ቢሉት በቲ ይጀምራል፤ ከመቶ አንድ እንኳ ኤክስ ትዝ አይለውም። አቶ ወልደሚካኤል ደግሞ ቁቤ ሲያይ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ነው። ታዲያ ኤክስን ማን አስተማረው?

ወረቀቷ። ቁልፉ በኤክስ የተጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

አናጢ ሸጧታል።

ለካ ሰውየው ላፕቶፑን ዘና ብሎ የሰጣት ለዚህ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚገባው የራሱ ሰው ነዋ። ገብቶ ዝርዝሩን ያጠፋዋል፣ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፣ እሷም ከሥሩ ትፈርማለች። መጋዘኑ በማኅተም ንጹሕ ይባላል። መፍራት ነበረባት፤ የመጣባት ግን እልህ ነው።

«ሲግናሉ ደካማ ነው ጋሼ። ቁልፉን ከራውተሩ ጀምሬ ላድሰው» አለችው።

ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ የራሷን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታ ራውተሩ ውስጥ ገባች። አዲስ ቁልፍ። ከስምንት ፊደል ማነስ የለበትም። ጣቶቿ አላመነቱም፤ «አልሸጥም» ብለው ጻፉ። በኤክስ። ልክ ስምንት ሆነ።

ያንኑ የሰውየው አዳፕተር ላይ አስገባች። ስክሪኑ የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። አቶ ወልደሚካኤል ላፕቶፑ ላይ ካርታ መጫወት ጀመረ። እሱ ቀዩን ንግሥት የት እንደሚያስቀምጣት ሲያስብ፣ እሷ ከክፍሉ ማዶ ፎልደሩን ከፈተች። መቶ አሥራ ሁለት መድኃኒት ቤት ከነአድራሻው። ወደ ፍላሽ ገለበጠችው።

አምስት ሰዓት ከአሥር።

ጋሽ ኩምሳ የመጫኛ ወረቀት ሊያስፈርሙ ገቡ። ሲወጡ ኮሪደር ላይ ደረሰችባቸውና ፍላሹን መዳፋቸው ውስጥ አስጨበጠቻቸው።

«በጓሮ በር ይውጡ። ለወይዘሮ ብዙወርቅ፣ በእጇ። ለሌላ ለማንም እንዳይሰጡ።»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ብዙወርቅ ናት። ሽማግሌው አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሄዱ። ከኋላዋ የአቶ ወልደሚካኤል ስልክ ጠራ። አናጢ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

በዋናው በር ወጣች። ሆን ብላ፣ እንድትታይ።

አናጢ ከሚኒባሱ ወርዶ ክንዷን ያዘ።

«ቁልፉ እምቢ አለ።»

«ቀይሬዋለሁ።»

ገባው። መኪናው ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ አባበላት፤ አቶ ወልደሚካኤል እጀ ሰፊ መሆኑን፣ ለእሷም እንደሚተርፍ ነገራት። ከዚያ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አዲሱ ቁልፍ ምንድነው?»

«አልሸጥም።»

እውነቱን ነው የነገረችው። እሱ እምቢታ መሰለው። በሽጉጡ እጀታ አፏን መታት። ደጋግሞ ጠየቃት፣ ደጋግማ ያንኑ መለሰች። ጋሽ ኩምሳ በዚያ ሰዓት ሳሪስን አልፈዋል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፖሊስ የመጋዘኑን በር ዘጋው። አናጢ ከነሽጉጡ፣ አቶ ወልደሚካኤልም ከቢሮው ተያዙ። ሽሮፑ በሳምንት ውስጥ ከመቶ አሥራ ሁለቱም መደርደሪያ ተለቀመ። ምስማር ሁለት ጥርሷን አጣች።

ጋሽ ኩምሳ ግን ታሰሩ።

በእያንዳንዱ የወጪ ሰነድ ላይ ፊርማቸው አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቆማውን የሰጡት እሳቸው መሆናቸውን ቀርቦ ሊናገር የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ምስማር ናት። ወይዘሮ ብዙወርቅ ቢሮዋ ጠርታ አስጠነቀቀቻት። ሰላይ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ከቆመ ሥራው አበቃ፣ መሥሪያ ቤቱም አያውቀውም።

«ሽማግሌው ጥቂት ዓመት ነው የሚታሰሩት» አለቻት።

«እሳቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም» አለች ምስማር። «ሂዱ ስላቸው ሄዱ።»

በችሎቱ ቀን ሁለት ጥርስ በጎደለው አፏ የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆመች። ጋሽ ኩምሳ ከተከሳሽ ወንበር ሲያዩዋት ብድግ አሉ። ዳኛው ስሟን ጠየቋት።

«አደሴ ሂርጳ።»

እውነተኛ ስሟን ጮክ ብላ ከተናገረች አራት ዓመት ሆኗታል።

«ሥራ?»

«ሰላይ ነበርኩ፣ ክቡር ዳኛ። ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ ሥራ አጥ ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። እሷ አልሳቀችም። የምታውቀውን ሁሉ፣ ከነቀኑ ከነሰዓቱ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ጋሽ ኩምሳ በዚያው ሳምንት በነፃ ተለቀቁ።

ምስክርነቷን ሰጥታ ስትወጣ የሚጠብቃት መኪናም ሰውም አልነበረም። ወደ ትውልድ መንደሯ አቅጣጫ የሚሄደው የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። መጨረሻው ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ ሰልፉ ቶሎ ይሄዳል ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ እንጃ አለቻት። ተራዋ ሲደርስ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግታ ተቀመጠች።