ግምጃ ቤቱን የዘጋ እጅ

ዕቃ ጠባቂው አቶ ታፋ በመንግሥት ግምጃ ቤት ወለል ላይ፣ ከረጅሙ መሰላል ሥር ተንጋሎ ተገኘ። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከቤንዚን በርሜል ጠርዝ ጋር ተላትሟል። የበሩ ቁልፍ በኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። በሩ ግን ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነው ያደረው።

ጠዋት የመንግሥቱን ላንድሮቨር ይዞ መጥቶ በሩን የከፈተው ሹፌሩ ነገራ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ በእሱ እጅ ነበርና። አስከሬኑን እንዳየ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሮጦ ተናገረ። ፖሊሶቹም ያሰሩት እሱኑ ነው። ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው የለም።

እናቱ ድርቤ ይህን የሰማችው ቁርስ ልታደርስለት ስትመጣ ነው። አላለቀሰችም። የሰው ሞት ሰምታለችና እንደ ወጉ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አዞረች። ከዚያ አገልግሏን እንደያዘች ከምርመራው ክፍል በር አጠገብ ተቀመጠች። አገልግሉን መሬት ማስቀመጥ እንደምትችል እንኳ ትዝ አላላትም። ያላት ልጅ አንድ ነው። ሰው ገድሏል ከተባለ ወዴት እንደሚወሰድ ታውቃለች፤ ነገር ግን ሐሳቧ እዚያ ድረስ ሊሄድላት አልቻለም።

መርማሪው የመቶ አለቃ ዋቅወያ ከግምጃ ቤቱ ሲመለስ አያት።

«አከም ቡልተን፣ ሐርሜ» አላት በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ፣ እናቴ እንደማለት ነው። የጊዳ አያና ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። «ይግቡ። ልጅዎ ሲናገር ቢሰሙ እሱም ደፋር ይሆናል።»

ነገራ እጁ ታስሮ ቆሟል።

«ትናንት ከአቶ ታፋ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ተጣልተናል። ቤንዚን አልሰጥም አለኝ። ‹ግራዝማች መሸሻ መንግሥት አባካኝ ነው እያሉ አገር የሚዞሩት በመንግሥት ቤንዚን ነው። ነገ በስብሰባው መሀል ተነሥቼ ለሕዝብ እናገራለሁ› አለኝ።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«መኪናዋን ግራዝማች ቤት ሳደርስ ተናገርኩ። ነገ ቤንዚን የለም ብል ምክንያቱን ይጠይቁኝ የለ?»

«ለራሳቸው ነገርካቸው?»

«እሳቸው ከአኖ ከመጡ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ለቤት ሰው ተናግሬ ወጣሁ።»

ዋቅወያ ፖሊሶቹን ጠራ። ወሬው ገና ከግቢው አልወጣም። ሦስት ሰዎች እንዲመጡ አዘዘ፦ ለፓርላማ የሚወዳደሩትን የግምጃ ቤቱን ሹም ግራዝማች መሸሻን፣ የምርጫውን ድግስ የሚያሰናዱትን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋጌጥን፣ ታፋን በአደባባይ ሌባ ብሎ የሰደበውን ተፎካካሪያቸውን አቶ ደረሳን።

«ስለ ቤንዚን ትፈለጋላችሁ በሏቸው። ስለ ሞተው ሰው የሚተነፍስ ፖሊስ ካለ እሱን አያድርገኝ።»

መጀመሪያ የደረሰው ደረሳ ነው፤ የአርጆ ቡና ነጋዴ ነው። ወዲያው ግራዝማች ከነባለቤታቸው ገቡ።

«ግራዝማች» አለ ደረሳ፣ «የምርጫ ምልክትዎ ቁልፍ አይደል? የመንግሥትን ካዝና እቆልፋለሁ ሲሉ እርስዎ ላይ ሊቆልፉብዎ ነው እንዴ?»

«ያንተ ምልክት በሬ ነው» አሉ ግራዝማች። «ዝም ብለህ ሣርህን ጋጥ።»

ዋቅወያ አንድ በአንድ አነጋገራቸው። ደረሳ ከአርጆ የገባው ገና ጠዋት በጭነት መኪና ነው፤ አብረውት የመጡት ነጋዴዎች ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ በር ላይ እያራገፉ መሰከሩለት።

ግራዝማች የተጠየቁትን ትተው ንግግራቸውን ጀመሩ።

«ይህ መንግሥት እንግዳ መጣ በተባለ ቁጥር ቅስት ያቆማል፤ ድልድይ ግን አይሠራም። የድኃ ግብር በከንቱ ይፈሳል። እኔ ፓርላማ ብገባ . . .»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ከአኖ ሽማግሌዎች ጋር፣ እስክንተኛ ድረስ። ስለዚሁ ብክነት ስንወያይ ነበር።»

ዋቅወያ በመስኮት ወደ ላንድሮቨሯ ተመለከተ። በሯ ላይ የመንግሥት ምልክት አለ፤ በምልክቱ ላይ የግራዝማች ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ድርቤም አየችው። ልጇ ያቺን መኪና በየገጠሩ ሲነዳ ስንት ሌሊት እንዳልተኛች አሰበችና ተወችው።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጥለቱን አንገታቸው ሥር አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ከየት ነው የመጡት፣ እመቤቴ?»

«ከቤት። ወደ ስብሰባው ልንወጣ ስንል ፖሊስህ ደረሰ።»

«ምን አለዎት?»

«የቤንዚን ጉዳይ ነው አለኝ። ሌላ ምን ይለኛል?»

«ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ደኅና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደኅና ነው።»

«ጎረቤትም?»

«ጎረቤትም ደኅና። ስለ ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ ነው ያስጠራኸኝ?»

«የለም» አለ ዋቅወያ። «ሁላችሁም ወደ ግምጃ ቤቱ ኑ።»

ድርቤ ከኋላ ተከተለች። የታፋ አስከሬን በሸራ ተሸፍኗል። ከጣሪያው ቀዳዳ የሰኔ ዝናብ ሸራው ላይ ጠብ ይላል። ደረሳ ባርኔጣውን አወለቀ። ግራዝማች «ይህ ምንድን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ መሰላሉን አዩ።

«አቶ ታፋ ትናንት ሞቷል» አለ ዋቅወያ። «የወደቀው ከመሰላሉ ነው። ብቻውን ወድቆ ቢሆን በሩ ክፍት ያድር ነበር፤ ከውጭ የዘጋው ሰው አለ። ነገራ የታሰረው ቁልፍ ስላለው ነው። እስቲ ይህን እዩ።»

ክፍቱን ጓጉንቸር አነሣና በሁለት ጣቱ ጫን አለው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመክፈት ነው። ለመዝጋት ጣት ይበቃል። ታፋ ሥራ ላይ ሲሆን ጓጉንቸሩን ማጠፊያው ላይ ክፍቱን ያንጠለጥለዋል፤ ማንም ገፍቶ ሊዘጋው ይችላል። ገድሎ የዘጋ ሰው ደግሞ ጠዋት ራሱ ከፍቶ ፖሊስ አይጠራም።»

ድርቤ በሩን ተደገፈች።

«ታዲያ ማን?» አለ ደረሳ።

«ታፋ ዛሬ በሕዝብ ፊት ሊናገር እንደነበር የሚያውቀው የግራዝማች ቤት ነው። ግራዝማች ከሽማግሌዎቹ አልተነሡም፤ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ነገራን ሰምቶ የወጣውን ሰው ፈለግሁ።» ወደ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ዞረ። «እመቤቴ፣ የሞተ ሰው የለም፣ ጎረቤትም ደኅና ነው ብለውኛል። የመጡት ከቤት ነው፤ የሚሄዱት ወደ ባልዎ ስብሰባ። ባሏን ለደስታ ልታጅብ የወጣች ሴት ጥለቱን አንገቷ ላይ አታደርግም፤ ሟርት ነው። እንዲህ የለበሰ ሰው ከእርስዎ በቀር አንድ ብቻ አይቻለሁ፤ የነገራን እናት። እሷ ታፋ መሞቱን ሰምታ ነበር። እርስዎ ከማን ሰሙ?»

የወይዘሮ ሸዋጌጥ እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ። ጥለቱን ነኩት። እንዲያ መልበሳቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ይመስል ነበር።

ግራዝማች ከባለቤታቸው አንድ እርምጃ ራቁ።

«ያደረገችውን አላውቅም። እኔ ከመንግሥት አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልወሰድኩም። ታፋ ዕቃ አውጥቶላት እንደሆነ በሁለቱ መካከል ነው።»

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«በሁለታችን መካከል» አሉ። ድምፃቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር። «የግምጃ ቤቱን ቆርቆሮ ለድግሱ ዳስ ያስጫንከው አንተ። መኪናውን ያዘዝከው አንተ። ታፋ መሰላሉ ላይ ሆኖ የጣሪያውን ቀዳዳ በሬንጅ ሲደፍን ነው ያገኘሁት። ውረድና እንነጋገር አልኩት። ‹ቆርቆሮው እናንተ ዳስ ላይ ነው፤ ነገ በሕዝብ ፊት እንነጋገራለን› አለኝ። መሰላሉን ያዝኩት። እንዲፈራ ብዬ ነቀነቅኩት። ወድቆ ዝም አለ። በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ይሄ ሰው ስለ ብክነት ንግግሩን ሲለማመድ ሰማሁት።»

ፖሊሶቹ ወይዘሮ ሸዋጌጥን በሁለት በኩል አጅበው ወሰዷቸው። የነገራ እጅ ተፈታ። ዋቅወያ ለግራዝማች፣ «የቤንዚኑን ጉዳይ ለአለቆቼ አቀርባለሁ» አላቸው። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ።

«ያቅርቡት። አሁን ሕዝብ ገበያው ላይ ይጠብቀኛል። ነገራ፣ መኪናዋን አስነሣ።»

ነገራ ከልማድ የተነሣ አንድ እርምጃ ተራመደ። ድርቤ እጁን ያዘችው።

«ልጄ አይነዳም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቁርሱን አልበላም። አይነዳም።»

የመኪናዋን ቁልፍ ከልጇ ኪስ አወጣችና ከቤንዚን በርሜሉ ላይ አኖረችው። ግራዝማች መኪና መንዳት አይችሉም። ደረሳ ሊስቅ ፈለገ፤ ሸራውን አየና ተወው።

እናትና ልጅ በጭቃው መንገድ ወጡ። ድርቤ አገልግሉን ከፍታ ቂጣ ቆረሰችለት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ቆመ።

«ሐርሜ፣ የአቶ ታፋ ሚስት ገና አልሰማችም።»

«አልሰማችም።»

«ማን ይነግራታል?»

ድርቤ አገልግሉን ከደነችና ወደ ታፋ ቤት በሚወስደው ቁልቁለት ቀድማው ወረደች። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ውስጥ ሴትዮዋ ልጆቿን አባታችሁ ሥራ ላይ አድሯል ስትላቸው ይሰማ ነበር። ድርቤ ለማንኳኳት እጇን አነሣች፤ እጇ እንቢ አላት።

በሩን ያንኳኳው ነገራ ነው።