ወደ ታታዊን አንድ ሰው ሲጎድል

ከቱኒዚያዋ ስፋክስ ወደ ደቡብ፣ ወደ አገሬ ታታዊን የሚሄደው ሚኒባስ ስምንት ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም። እኔ ሰባተኛዋ ነበርኩ። የነርስነት ትምህርቴን እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ ሻንጣዬን አስጭኜ፣ «ምነው አንድ ሰው መጥቶ በገላገለኝ!» እያልኩ ተቀምጫለሁ።

ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ ጓደኛ አላፈራሁም። መብሩካ የሚለው ስሜ የአሮጊት ስም ነው ብለው ይስቃሉ፤ የደቡብ አነጋገሬንም ይቀልዱበታል። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጉድ ሆንኩ። በምንለማመድበት ሆስፒታል «ኻልቲ» (አክስቴ) ሐሉማ የምንላቸውን አሮጊት ታማሚ የልብ ምት ቆጥሬ «ዘጠና ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ሐኪሙ መጥቶ ቢያያቸው፣ ለካ ነፍሳቸው ወጥታለች! የእጃቸውን አንጓ በአውራ ጣቴ ስለያዝኩ የቆጠርኩት የጣቴን፣ የራሴን ምት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሙት አስነሺዋ» ይሉኝ ጀመር።

ያን ቀን አስከሬናቸውን አብሮኝ ያጠበው የክፍሌ ልጅ ዊሳም ብቻ ነው። አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እወደው ነበራ።

አሁን ያው ዊሳም እያለከለከ የሚኒባሱ መስኮት ጋ ደረሰ።

«ውረጂ።»

«ምን አገባህ?»

«ኧረ መብሩካ፣ በናትሽ!»

«ያን ቀን ንቀኸኝ ዝም ብለህ፣ ዛሬ ምን ልሁን ትላለህ?»

አንገቱን ደፋ።

«እኔም በአውራ ጣቴ ነው ስቆጥር የኖርኩት። ያንቺ ታወቀ፣ የኔ አልታወቀም። ልነግርሽ አፈርኩ።»

በዚህ መሃል ስምንተኛው ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ገባ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

«አንተ ልጅ፣ ዞር በል!»

«እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸ ዊሳም፣ መኪና ሙሉ ሰው እየሰማው። «የአውራ ጣቴን ነገር ሰኞ ለሁሉም እናገራለሁ። ከሳቁም በሁለታችን ይሳቁ።»

ከቤት ከወጣሁ «በሁለታችን» ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ። ከኋላ የተቀመጡት እናት ብቻ «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» አሉኝ።

ሰኞ ዊሳም ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ እሱም በአውራ ጣቱ ሲቆጥር እንደኖረ ተናገረ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «እኔም» አለች፤ ቀጥላ ሌላዋ። እኔ ግን የማየው እሱን ብቻ ነበር፣ ለኔ ብሎ እዚያ ቆሞ አውራ ጣቱን ለሁሉም ሲያሳይ።