ቡናማው በርሜል

አርኖልድ ቢከርስታፍን ሞቶ ያገኘው ሊጠይቀው የመጣ ወዳጅ አይደለም። ሊቆጣው የመጣ ጎረቤት ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ልክ በምክር ቤቱ ምርጫ ዕለት፣ ስታን ፖግሰን የአርኖልድን በር ሦስት ጊዜ ደበደበ። የሟቹ ቡናማ የቆሻሻ በርሜል ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ ቆሟል። መልስ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ ባለው የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ አጮለቀ። ከደረጃው ሥር ነጠላ ጫማዎች ታዩት፤ ጫማዎቹ ውስጥ እግሮች ነበሩ።

ክራክዊክ በሰሜን እንግሊዝ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ ከመብዛቱ የተነሳ ድመቶቿ ዋና ያውቃሉ ይባላል፤ ውሸት ነው፣ የሚዋኙት ሁለት ብቻ ናቸው። ኢንስፔክተር ኖራ ብሬዝዌይት በዚያ ዝናብ ስትደርስ ሳጅን ዲግል በሩ ላይ ጠበቃት።

«እመቤቴ፣ ነገሩ አልቋል» አለ። «ሽማግሌው ተገፍቶ ጭንቅላቱ ከደረጃው ብረት ጋር ተጋጭቷል። ሐኪሙ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው ይላል። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ ፖግሰን የጋራ አጥራቸውን ቁጥቋጦ ሊከረክም ሲል ሟቹ ‹አትንካው› ብሎት ተጣሉ፤ ፖግሰን ‹አንገትህን እቆርጠዋለሁ› ሲል መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ካቴናው ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ኪስህ ውስጥ ይቆይ። እስከ አሥር ሰዓት ስጠኝ። ካልቻልኩ ፖግሰንን ውሰደው።»

ፖግሰን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል።

«እህቴ» አላት፣ «ካቴናው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሪህ አለብኝ።»

«በሩን የደበደቡት ለምን ነበር?»

«ለበርሜሉ ነዋ። አንድ ሳምንት ቡናማው፣ አንድ ሳምንት አረንጓዴው ነው የሚነሳው፤ ይህ ሳምንት የአረንጓዴው ነው። የቆሻሻ ሰዎቹ ትናንት ጠዋት መጥተው አረንጓዴውን ሁሉ ገለበጡ፣ የሱን ቡናማ ግን አልነኩትም። ቀለሙን ከሳቱማ ሬሳ ቢኖርበትም አያነሱት። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ያልሳተ ሰው ምን ነካው ብዬ ነው።»

ኖራ የቡናማውን በርሜል ክዳን ከፍታ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችውና ዲግልን አስጠበቀችው። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

አርኖልድ ሚስቱን ከቀበረ አምስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ያለ ማንም ድጋፍ፣ በግሉ ለምክር ቤቱ ተወዳድሮ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ስኒዎች ተሰቅለዋል። የአንዱ ውስጥ ሻይ ሲጠጣበት ኖሮ ጠቁሯል። ሌላው፣ «ሂልዳ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ያብረቀርቃል። መስቀያው ላይ ግን ጣት የሚያክል አቧራ አለ።

«በዚህ ማን ይጠጣል?» አለች ኖራ።

«ማንም። የሚስቱ ነው» አለ ፖግሰን። «ከሞተች ወዲህ አላወረደውም። እኔን እንኳ በማርማላታ ብልቃጥ ነበር የሚያጠጣኝ።»

«ለማን ሊያወርደው ይችላል?»

«ለንጉሥ። ወይ ንጉሥ ነኝ ለሚል ሰው።»

ኖራ ራሷ ቤት ስንት ስኒ እንዳለ ለማስታወስ ሞከረች። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ከአርኖልድ ጋር የተወዳደሩት ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ሚስስ ሙሪየል ስኬልተን ናቸው፤ በአሮጌው ፋብሪካ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ።

«ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም» አሉ። «የኔን ድምፅ ሊሻማ ነው የመጣው። ነገር ግን ሰው በዚህ አይገደልም፤ ቢገደል ኖሮ የመምህራን ስብሰባ ባዶ በሆነ ነበር።»

«በርሜልዎን የሚያወጡት መቼ ነው?»

«የምን በርሜል? ቆሻሻዬን በግድግዳው ቱቦ እለቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ፈጣሪ ይወቅ።»

ሁለተኛው ክላይቭ ኦርመሮድ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በምክር ቤቱ የተቀመጠ፣ ከባቡር ሐዲዱ በላይ ኮረብታው ላይ የሚኖር ሰው ነው። ደረቱ ላይ ብርቱካናማ የምርጫ ጥብጣብ ለጥፏል። ሰው መጨበጥ ከመውደዱ የተነሳ አንድ ጊዜ ሐውልት ጨብጦ ‹ቤተሰብ ደህና?› ብሏል።

«ምስኪን አርኖልድ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ለገና ነው» አለ። «ቤቱንም አላውቀውም፤ እዚያ ታች ነው አይደል? ይኸው ዕጩ ሞተ ተብሎ ምርጫው ፈረሰ። ደንቡ ነው፤ ውጤት ሳይነገር ዕጩ ከሞተ እንደ አዲስ ነው። አንድ ቀን ቆይቶ ቢገኝ ምን ነበረበት?»

«እንዴት ያለ ሐዘን ነው» አለች ኖራ።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም የምርጫ ጣቢያ በነበረው የትምህርት ቤት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ያለው የሕፃናት ወንበር ብቻ ስለሆነ ሁሉም ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። ዲግል ከፖግሰን ኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«በሂልዳ ስኒ እንጀምር» አለች ኖራ። «አቧራ ሲጠጣ የኖረ ስኒ ታጥቦ ተሰቅሏል። ስለዚህ እንግዳ መጥቷል፤ አርኖልድ ያከበረው እንግዳ። እንግዳው ሲወጣ ስኒውን አጥቧል። ሚስተር ፖግሰን በብልቃጥ የሚጠጣ ሰው ነው።»

«ያውም ክዳኑ የጠፋ» አለ ፖግሰን።

«ቀጥሎ በርሜሉ። ሞቱ ከምርጫው በኋላ እንዲታወቅ የፈለገ ሰው፣ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል አመሻሹ ላይ በርሜል አወጣ። አርኖልድ ቢሆን ቀለሙን አይስትም። ሚስተር ፖግሰንም አይስትም።»

«እኔ ብገድለው አረንጓዴውን ነበር የማወጣው» አለ ፖግሰን።

«ሚስስ ስኬልተን ደግሞ ስለ በርሜል ሳምንት የሚያውቁት ነገር የለም። የከተማው ጽዳት ክፍል ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ከሐዲዱ በታች አረንጓዴ በሚነሳበት ረቡዕ፣ ከሐዲዱ በላይ የሚነሳው ቡናማ ነው። ሚስተር ኦርመሮድ፣ ትናንት ጠዋት ከእርስዎ ደጅ የትኛው ተነሳ?»

ክላይቭ ሳቀ። «የኔ እመቤት፣ ኮረብታው ላይ ሁለት መቶ ቤት አለ።»

«ከእነዚያ ውስጥ ለምክር ቤቱ የሚወዳደር ግን አንድ ነው። በርሜሉ የወጣው ለማስመሰል ብቻም አይደለም፤ ትናንት ጠዋት እንዲገለበጥ ነው። ቀለሙ ስለተሳተ ሳይነሳ ቀረ።» ከቡናማው በርሜል ያገኘችውን ለሁለት የተቀደደ ወረቀት ከፖስታ ውስጥ አወጣች። «‹እኔ አርኖልድ ቢከርስታፍ፣ ደጋፊዎቼ ድምፃቸውን ለክላይቭ ኦርመሮድ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ።› የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። የተጻፈው በራስዎ የቅስቀሳ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፊቱ ምን እንደሚል ላንብበው? ‹ኦርመሮድ የመንገድዎን በርሜል ያውቃል።›»

 ክላይቭ ጥብጣቡን ነቅሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ባለፈው ያሸነፍኩት በአሥራ አንድ ድምፅ ነው» አለ። «እሱ ሃያ ቢወስድብኝ አልቆልኝ ነበር። ፈርም አልኩት። ሻዩን እየቀዳልኝ ‹ሌላ ቀን ደግሞ ናና እንነጋገርበት› አለኝ። እየሳቀ ቀደደው። ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም።»

«ሲወድቅ ሐኪም አልጠሩለትም» አለች ኖራ። «ስኒ አጠቡ።»

ዲግል ካቴናውን ከኪሱ አወጣ።

አዳራሹ ሲበተን ፖግሰን ከትንሿ ወንበር መነሳት አቃተው። ኖራ ክንዱን ይዛ አስነሳችውና የአርኖልድን የዕጩነት ቅጽ አሳየችው። ለመወዳደር አሥር ፊርማ ያስፈልጋል። አሥረኛው የፖግሰን ነበር።

«አንገቱን እቆርጣለሁ ላሉት ሰው ፈርመዋል።»

«ሦስት ምሽት አመላለስኩት» አለ ፖግሰን። «አንድ ቀን መነጽሬ ጠፋ፣ አንድ ቀን ብዕር የለኝም እያልኩ።»

«ለምን?»

«ከፈረምኩለት አይመጣማ። በመጨረሻ ስፈርምለት ጊዜ ሳቀብኝ። ‹ስታን፣ እኔም እኮ ሌሎቹን ዘጠኝ አንድ ቀን ላይ መጨረስ እችል ነበር› አለኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በአረንጓዴው ረቡዕ፣ ፖግሰን ሁለት አረንጓዴ በርሜሎች አወጣ፤ የራሱንና የአርኖልድን። የአርኖልድ ባዶ ነበር። የቆሻሻ መኪናው አንስቶ ገለበጠው፤ ምንም አልወጣም። ፖግሰን እየጎተተ መልሶ ከአርኖልድ ግድግዳ አስጠጋው። ከዚያ መቀሱን ይዞ አጥሩ ዘንድ ሄደና፣ ‹አትንካው› የሚለው የአርኖልድ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ ብዙ ጠበቀ።