«ድሬን ቆረጠው»

አቶ ጥሩነህ፣ ሽማግሌው ሸማኔ፣ በስደት አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር በሚገኘው ቤዝመንታቸው ከሽመና ዕቃቸው ሥር ተፈንክተው ሞተው ተገኙ። ፖሊሶቹ «አዳልጧቸው ነው» ብለው ፋይሉን ሊዘጉ ነበር። መርማሪ ብርቅዬ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ለሐበሻ ሬሳ ሌላ መልስ አልተማሩም እንዴ?

ልጃቸው ኤደን የቤቷን አንሰሪንግ ማሽን ከፍታ፣ አባቷ የዚያን ቀን የተዉላትን መልእክት አሰማቻት። «ኤዲ፣ ድሬን ቆረጠው! ድሬን...» ይልና ድምፁ ይቋረጣል።

«ፖሊሶቹ ሲጠይቁኝ ስፓይደር ዌብ አልኳቸው» አለች ኤደን እያለቀሰች። «ድር የሸረሪት አይደል? አባባ ኮንፊዩዝድ ሆኗል ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ።»

«ሸማኔም ድር አለው፤ በቁመት የሚወጠረው ክር ነው» አለቻት ብርቅዬ። «ማጉ በመሐሉ ይመላለሳል። ድሩ ከተቆረጠ ሸማው የለም።»

ቤዝመንቱ ወርደው ሲያዩት ግን ድሩ ሙሉ ነበር። ብርቅዬ መዳፏን አሳረፈችበት። ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ መስመር፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቋጠሮዎች እጇን ቆረቆሯት።

ፎቅ ላይ የሚኖረውን የቤቱን ባለቤት ሰይፉን ጠራች።

«በሽመናው ድምፅ ተጨቃጭቀናል፤ አልዋሽም» አለ። «የዚያን ቀን ግን ከቀትር በኋላ መወርወሪያው ጸጥ አለ። እኔን ያናደደኝ የዘመድኩን መኪና ነው፤ ድራይቭዌዬን ዘግቶ እስኪመሽ ቆመ።»

ዘመድኩን የሽማግሌውን ሸማ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። «መኪናዬ አልነሳ ብሎ ነው» አለ። «እኔ ጋቢ ተቀብዬ ወዲያው ወጥቻለሁ። ሻጭ ነኝ እንጂ ድርና ማግ አልለይም።»

ብርቅዬ ሦስቱንም በሽመና ዕቃው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«አቶ ጥሩነህ የፋብሪካ ጨርቅ በስማቸው እየተሸጠ መሆኑን ደርሰውበት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እናገራለሁ ብለው ነበር። ኤደን ነግራኛለች። በዚያ ጠብ ተነሣ። ሰውየው ድሩን ቆረጠ፤ ስልክ ሲያነሡ ገፈተራቸው። የተቆረጠ ድር ጠቡን እንዳያወጣበት ቁጭ ብሎ ቀጠለው። ቋጠሮው ግን የማይረባ ነው፤ ሲስቡት ይፈታል።» ክሩን ሳብ አደረገችው።

«አይፈታም!» አለ ዘመድኩን።

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ። ክሩ እውነትም አልተፈታም።

«ድርና ማግ የማይለይ ሰው እንዴት አወቀ?»

ዘመድኩን ላብ አጠመቀው። «ሲወድቁ ሞተዋል ብዬ ነው...»

«ሐኪሙ እስከ ማታ ሕይወት ነበራቸው ብሏል!» ብርቅዬ ጮኸችበት። «ስልኩ አጠገብህ ነበር። አንድ ሰው ቢደርስላቸው ይድኑ ነበር። እሳቸው እያቃሰቱ አንተ ክር ትቀጥላለህ!»



«እኔስ?» አለች ኤደን ቀስ ብላ። «ያኔ መጥቼ ቢሆን?»

ብርቅዬ ወደ ዘመድኩን ዞራ እጁ ላይ ካቴና አስገባችና ከሚገባው በላይ አጠበቀችው።